ስለ እንዶድ ፍሬ፤ ኃይሉ ሳይባክን ከፍሬው ስለሚወጣበት መንገድ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር በየአጥሩና በየጫካው ዳር በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድገውን እንዶድን የማያውቅ ባላገር የለም። እናቶች ፍሬውን በሙቀጫ ወቅጠው፣ በቀዝቃዛ ውኃ አሽተው፣ በአረፋው ነጭ ሸማ ሲያጥቡበት እጅግ ረጅም ዘመን ኖረዋል። ነገር ግን በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደ ተባለው፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ማንም አይመረምረውምና በዚህ ፍሬ ውስጥ ያለው ታላቅ ኃይል ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቈየ።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለ እንዶድ ጠቅላላ ታሪክ ለመናገር አይደለም። ከፍሬው ውስጥ የሚፈለገው ኃይል ሳይጐድል እንዴት እንደሚወጣ፣ በየትኛውም የሥራ ደረጃ በምን ምክንያት እንደሚባክን ለማስረዳት ነው። ምክንያቱም ሁለት ሰዎች ከአንድ ቍጥቋጦ እኩል ፍሬ ለቅመው፣ አንደኛው እንደሚገባ አዘጋጅቶ አንድ ጅረት ሊያጠራበት ሲችል፣ ሁለተኛው አሠራሩን ባለማወቁ አረፋ ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላልና። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ሥራው የሚፈለግበት ምክንያት

ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በሰው ደም ሥር ውስጥ ከሚኖር ትል የሚመጣ ነው። ትሉን በ1851 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ሆነ በሽታው በስሙ ተጠራ። የትሉ እንቍላል ከበሽተኛው ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ነፍሳት በውኃ ውስጥ ወዳለ ቀንድ አውጣ ይገባና በዚያ ይበዛል። ከዚህ በኋላ ከቀንድ አውጣው እየወጣ በውኃው ውስጥ የቆመውን፣ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል። በኢትዮጵያ የአንጀቱ ዓይነት በብዙ የወይና ደጋ ጅረትና ሐይቅ ዳር ይገኛል፤ የሽንቱ ዓይነት ደግሞ እንደ አዋሽና እንደ ዋቢ ሸበሌ ባሉ የቈላ ሸለቆዎች ይታወቃል።

በዚህ በሽታ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱት ሕፃናት ናቸው። በወንዝ መጫወት፣ ከብት ማጠጣት፣ ውኃ መቅዳት የእነርሱ ሥራ ነውና። በአሁኑ ዘመን ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን በሰው ውስጥ ይገድለዋል። ነገር ግን የዳነው ልጅ ወደዚያው ጅረት በተመለሰ ጊዜ በሽታው እንደ ገና ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመስጠት ጋር መጸዳጃ ቤት ማሠራት፣ ንጹሕ ውኃ ማቅረብና ቀንድ አውጣውን ማጥፋት አብረው መሄድ አለባቸው። ደግሞም መስኖ በተስፋፋበት ቦታ ሁሉ ውኃው ቀስ ብሎ በሚሄድበት ቦይ ቀንድ አውጣ ይራባል፤ ቦይ የሚያስቈፍር ሹም ወይም ባለ መሬት ይህን ከመጀመሪያው ሊያስብበት ይገባል።

ነገሩ እንዴት እንደ ተገለጠ

በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለዚሁ በሽታ ሲመረምሩ ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። በዚያም በጅረቱ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከላይ፣ የእንዶድ አረፋ ካልደረሰበት ውኃ፣ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን አስለቅመው ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ከአረፋው እንድትጨምርባቸው ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ይህ እንግዲህ በታላቅ ቤተ ሙከራ ሳይሆን በጅረት ዳር የተገኘ እውቀት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን አቋቋሙ፤ ተቋሙም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ዓመት ያህል በዓድዋ ከተማ ጅረቶች በእንዶድ ሥራ ተሠራ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ በሽታው የተገኘባቸው ቍጥር ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። እነዚህ ሕፃናት ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ወይም ገና ወደ ውኃ መውረድ የጀመሩ በመሆናቸው፣ አዲስ መያዝ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የእነርሱ ቍጥር ነው። ስለዚህም ሥራ በ1989 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የእንዶድ ዝና ከአገር ውጭም ደረሰ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው በ1990 ዓ.ም. ተገለጠ፤ በኋላም ለዚሁ አሠራር የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የፓተንት መብት አገኘበት። የዓድዋ አጣቢዎች ያወቁትን ነገር ሌላው አገር በመዝገብ አጻፈው ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ያለንን ነገር በልኩና በሥርዓቱ መርምረን ካልሠራንበት፣ ሌላው እንደሚሠራበት ነው።

በፍሬው ውስጥ ያለው ኃይል

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ኃይል ሳፖኒን ይባላል፤ ስሙም ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። አረፋ የሚያወጣውም፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ይኸው ነው። ነገር ግን ሊቃውንት በኋላ ሲመረምሩት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኙ። ሳፖኒኑ በፍሬው ውስጥ ሳለ በሁለት ወገኑ ስኳር ተያይዞበት ይኖራል፤ በዚህ ሁኔታ ሳለ ቀንድ አውጣውን እምብዛም አይጐዳውም። ፍሬው ተፈጭቶ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን፣ በዚያው በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም የተባለ እንደ እርሾ የሚሠራ ነገር ይነሣና በአንዱ ወገን ያለውን ስኳር ይቈርጠዋል። ያን ጊዜ ሳፖኒኑ ገዳይ ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ፍሬውን በፈላ ውኃ የሚቀቅል ሰው ኤንዛይሙን አስቀድሞ ይገድለዋል፤ ሳፖኒኑም ሳይነቃ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ፍሬውን ከመጀመሪያው እንደ ሜታኖል ባለ የአልኮል ዓይነት የሚዘፈዝፍ ሰው ሳፖኒን በብዛት ያወጣል፤ ነገር ግን ያወጣው ያልነቃውን ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የሚሠራ ግን ገዳዩን ያገኛል። በአንዳንድ ቤተ ሙከራ አስቀድሞ በውኃ ዘፍዝፎ ከዚያ ቡታኖል በሚባል ፈሳሽ በመለየት እጅግ ብርቱ ዱቄት ይገኛል፤ ይህ ግን ውድ፣ ለእሳት አደገኛና ለባላገር የማይመች ሥራ ነው። ስለዚህ እናቶች ሳይማሩ የያዙት የሙቀጫና የቀዝቃዛ ውኃ ሥርዓት፣ ለገጠር ከሁሉ የተሻለው መንገድ ሆኖ ተገኘ። የሚቀረው ሥርዓቱን በልክ ማድረግ ነው።

ስለ አተካከልና ስለ አለቃቀም

እንዶድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 3000 ሜትር ባለ ከፍታ ይበቅላል። ተባዕቱና እንስቱ በየብቻው ስለ ሆነ፣ ፍሬ የሚሰጠው እንስቱ ነው። ዘር የሚዘራ ሰው የሚበቅለው ተባዕት ይሁን እንስት አስቀድሞ አያውቅም፤ ኃይሉም ከእናቱ ይለያያል። ስለዚህ ከታወቀ መልካም እንስት ቅርንጫፍ ቈርጦ መትከል ይሻላል። በየአገሩ ያለው እንዶድ በኃይል እኩል አይደለም፤ ከልዩ ልዩ ቦታ ተሰብስቦ ሲመረመር ቍጥር 44 የተባለው ዓይነት በፍሬው ብዛት፣ በኃይሉና ተባይን በመቋቋሙ ተመርጧል። በአጥር፣ በገደል አፋፍና ለእህል በማይመች መሬት ላይ ሊተከል ስለሚችል ከእርሻ መሬት ጋር አይጣላም። ግንዱን እየቦረቦረ የሚገባ የዝንብ ትል ግን ጠላቱ ነውና የተበሳውን ቅርንጫፍ እየቈረጡ ማቃጠል ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥፋት በአለቃቀም ጊዜ የሚደረግ ነው። ሰው በልማዱ ፍሬ የሚለቅመው ሲቀላ ነው፤ እንዶድ ግን እንዲህ አይደለም። አድጎ ከሞላ በኋላ ገና አረንጓዴ ሳለ ኃይሉ ከሁሉ ይበልጣል፤ እየቀላና እየለሰለሰ ሲሄድ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለቃሚዎችን የሚያሠራ ሰው ቀይ ፍሬ በሚዛን ሲመጣለት ከአረንጓዴው እኩል ዋጋ ከከፈለ፣ ለጥፋት ዋጋ እንደ ከፈለ ይቈጠራል። ደግሞም ዘለላውን ከቅርንጫፉ ጋር መስበር ለሚመጣው ዓመት ይጐዳልና በማጭድ ወይም በመቀስ መቍረጥ ይሻላል።

የተለቀመው ፍሬ በዚያው ቀን በሰሌን ላይ ስስ ሆኖ መሰጣት አለበት። ተከምሮ ያደረ እንደ ሆነ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ኃይሉንም ያጣል። በእሳት ላይ ማመስ ወይም በምጣድ ማድረቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ከላይ እንደ ተነገረው ኤንዛይሙን ያጠፋዋልና። በእጅ ሲጨብጡት የሚንኰሻኰሽ ሆኖ በደንብ የደረቀ ፍሬ ግን፣ እርጥበት በማይገባበት ደረቅ ጐተራ በጆንያ ሆኖ ኃይሉ ሳይጐድል ብዙ ጊዜ ይቀመጣል። የዱቄቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ዱቄት እርጥበት ቶሎ ይስባልና ፍሬውን እንዳለ አስቀምጦ ለሥራ በሚፈለግበት ሰሞን መፍጨት ይሻላል።

ስለ መፍጨትና ስለ መዘፍዘፍ

ፍሬው በደቀቀ መጠን ውኃው በሁሉ ወገን ስለሚያገኘው ኃይሉ ቶሎ ይወጣል። ሙሉውን ፍሬ የሚዘፈዝፍ ሰው ውጩን ያጥበዋል እንጂ ውስጡን አያገኘውም። ስለዚህ በሙቀጫ ወይም በወፍጮ ደቅቆ በወንፊት መነፋት አለበት። የእንዶድ ብናኝ ዓይንንና አፍንጫን በብርቱ ስለሚያቃጥል፣ የሚፈጭ ሰው አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ይሥራ። ይኸው ወፍጮ ለእህል እንዳይውል ይጠበቅ።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ ለውሶ አንድ ሌሊት ማሳደር መልካም ነው። በችኰላ የተጨመቀ ዱቄት ገና ያልነቃ ኃይል ይዞ ይጣላል፤ ብዙ ቀን የቈየ ደግሞ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ኃይሉም ይፈርሳል። ስለዚህ በማታ ዘፍዝፎ በማግስቱ መሥራት ነው።

በዚህ ቦታ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የሒሳብ ነገር አለ። ለምሳሌ 10 ኪሎ ዱቄት ሲጠለል አተላው 20 ሊትር ውኃ ይዞ የሚቀር ቢሆን፣ 100 ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ ያፈሰሰ ሰው 80 ሊትር ያገኛል፤ በአተላው ውስጥ የቀረው ግን ከጠቅላላው ኃይል አንድ አምስተኛው ነው። ያንኑ 100 ሊትር ከፍሎ አስቀድሞ 60 ሊትር ያፈሰሰ፣ 40 ሊትር ያጠለለ፣ ከዚያም በአተላው ላይ የቀረውን 40 ሊትር ጨምሮ እንደ ገና ያጠለለ ሰውም 80 ሊትር ያገኛል፤ በአተላው የሚቀርበት ግን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። ውኃው አንድ፣ ዱቄቱ አንድ፣ ልዩነቱ በአሠራር ብቻ ነው። አተላውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በብርቱ የሚጨምቅ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ያተርፋል።

የተጠለለው ፈሳሽ ለነገ የሚባል አይደለም። በውኃ የሟሟ እንዶድ በጥቂት ቀን ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ይህ ጠባይ ለሠራተኛው ጉዳት ቢመስልም ለወንዙ በረከት ነው፤ መርዙ በውኃው ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተከማችቶ አይኖርምና።

ሥራው መልካም መሆኑ የሚታወቅበት ፈተና

ብዙ ሰው አረፋው ሲበዛ ኃይሉም የበዛ ይመስለዋል። አረፋ ግን ብቻውን የታመነ ምስክር አይደለም፤ ያልነቃውም ሳፖኒን አረፋ ያወጣልና። እውነተኛው ፈተና ቀንድ አውጣው ራሱ ነው። በአምስት ገበታ ውኃ ውስጥ እኩል ቍጥር ያላቸውን ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ማድረግ፤ በአራቱ ላይ ፈሳሹን በልዩ ልዩ ልክ አቅጥኖ መጨመር፤ አምስተኛውን ንጹሕ ውኃ አድርጎ ለማመሳከሪያ መተው። ከ24 ሰዓት በኋላ ወደ ንጹሕ ውኃ አዛውሮ ሌላ 24 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀንድ አውጣ በዛጎሉ ውስጥ ተሰብስቦ የሞተ መስሎ ይቈይና ኋላ ሊነሣ ይችላልና። የሚለቅማቸው ሰው እጁን በላስቲክ ጓንት ይሸፍን፤ በሽታው ከዚያው ውኃ ይገባልና።

ጥሬ የተክል ዱቄት ለዚህ ሥራ ይበቃል የሚባለው በአንድ ሊትር ውኃ ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ መጠን ቀንድ አውጣውን ሲገድል ነው። መልካም እንዶድ ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ይገድላል። አንድ ወረዳ የሰበሰበው ፍሬ ይህን ካላደረገ፣ ወይ ቀይ ሆኖ ተለቅሟል፣ ወይ ሻግቷል፣ ወይ እሳት ነክቶታል ማለት ነው።

ስለ ልክና ስለ ድካም

ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ሴኮንድ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ትንሽ ጅረት በሴኮንድ 50 ሊትር፣ በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ውኃ ያሳልፋል። ለአንድ ሜትር ኩብ 30 ግራም ዱቄት የሚበቃ ቢሆን፣ ለአንድ ሰዓት 5.4 ኪሎ፣ ለስምንት ሰዓት 43.2 ኪሎ ያስፈልጋል። በአለቃቀምና በአዘገጃጀት ግማሹ ኃይል የባከነ እንደ ሆነ ግን 86.4 ኪሎ ሊፈለግ ነው። ይህም የለቃሚዎች እጥፍ ድካም፣ የፈጭዎች እጥፍ ድካም፣ የበጀትም እጥፍ ወጪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሹሙ በመጀመሪያ ያሰበውን 43 ኪሎ ብቻ ያደርግና ቀንድ አውጣው ሳይሞት ይቀራል፤ ከዚያም ወቀሳው በእንዶድ ላይ ይወድቃል።

የውኃውን ፍጥነት ለማወቅ በጅረቱ ዳር 10 ሜትር ለክቶ ገለባ ጥሎ ሴኮንዱን መቍጠር ይበቃል፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ውኃ ከታች ካለው ስለሚፈጥን ከተገኘው ጥቂት መቀነስ ይገባል። ሥራው የሚሻለው በበጋ ነው፤ ጅረቱ ሲያንስ ጥቂት ዱቄት ይበቃልና።

ለሹማምንት የሚገባ ጥንቃቄ

እንዶድ መድኃኒት ቢሆንም መርዝ ነው። ዓሣን ይገድላል፤ ስለዚህ ዓሣ በሚረባበት ውኃ ላይ አይደረግም። ጠጥተውት የሞቱ ሰዎች አሉና በአፍ እንዳይወሰድ ሕዝቡን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣውን እንጂ እንቍላሉን አያጠፋም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አፍስሶ መተው ዋጋ የለውም፣ የተፈለፈለው ሳያድግ መድገም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚያዝዘው ኒክሎሳማይድ የተባለውን መድኃኒት ስለ ሆነ፣ በእንዶድ የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ያለ ጤና ጥበቃና ያለ አካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ፈቃድና መሪነት መጀመር የለበትም።

ይህ ሁሉ ተጠብቆ ሥራው የተፈቀደ እንደ ሆነ፣ የሚከተሉት ከሹሙ ይጠበቃሉ።

1ኛ፤ በግዛቱ ያሉትን የእንዶድ ቦታዎችና ቀንድ አውጣ ያለባቸውን የመታጠቢያና የመቅጃ ስፍራዎች በመዝገብ ማስጻፍ።

2ኛ፤ የመልካም እንስት ቅርንጫፍ በየአጥሩ እንዲተከል ማድረግ፤ ከዱር ብቻ የሚለቅም በጥቂት ዓመት ያልቅበታልና።

3ኛ፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ለይቶ መመዘን፣ ዋጋውንም መለየት።

4ኛ፤ ማድረቂያውና ጐተራው ከእርጥበትና ከእሳት የራቀ መሆኑን በዓይን ማየት እንጂ በወሬ አለመቀበል።

5ኛ፤ የተዘጋጀው ሁሉ ወደ ጅረት ከመውረዱ በፊት በቀንድ አውጣ ተፈትኖ ውጤቱ እንዲጻፍ ማድረግ።

6ኛ፤ ሥራው በሚሠራበት ቀን ሕዝቡ ከዚያ ውኃ እንዳይቀዳና ከብቱን እንዳያጠጣ አስቀድሞ ማስለፈፍ።

7ኛ፤ በአጣቢነትና በአወቃቀጥ የለመዱትን ሴቶች ለሥራው በደመወዝ መቅጠርና ምክራቸውን መስማት። የዚህ ሁሉ ነገር መጀመሪያ የእነርሱ እጅ ነውና።

የእንዶድ ሥራ ታላቅ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሙቀጫ፣ ወንፊት፣ ጋንና ቀዝቃዛ ውኃ ይበቁታል። የሚጠይቀው ጊዜን መጠበቅና ልክን ማወቅ ነው። በአረንጓዴነቱ ያልተለቀመ፣ በቀኑ ያልተሰጣ፣ እሳት የነካው፣ በችኰላ የተጨመቀ ፍሬ በጆንያ ሲታይ ከመልካሙ አይለይም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በጅረቱ ውስጥ ነው። በዚያ ጅረት ውስጥ ደግሞ ልጆች ቆመዋል።